ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ለተመራቂ ተማሪዎችና በከተማ አገልግሎት ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም። ከአዳራሹ የተነሱ ሁለት ጥያቄዎችንም ጨምሬያለሁ።

እንደምን አደራችሁ። አካም ቡልተን።

የተሰጠኝ ርዕስ ረዘም ይላል። «ትልቅ ከተማ ነዋሪውን እንዴት ያገለግላል? ሠራተኛስ እንዴት ይስባል?» ሁለት ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን አንድ ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ባለጉዳዩን ሦስቴ የሚያመላልሰው ነገርና ወጣቱን ሠራተኛ በዓመቱ መልቀቂያ የሚያስጽፈው ነገር ያው ነው። በየቢሮው ኮሪደር ሰምታችሁታል። «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው።»

ሳቃችሁ። ከአገልግሎት መስኮቱ ውስጥ ያላችሁትም ከውጭ ያላችሁትም እኩል ነው የሳቃችሁት። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው።

አንዲት እናት አስቡ። ሂርማታ ገበያ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ብድር ለመውሰድ የነዋሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ተጠይቃለች። ዕቃዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ በጠዋት ትመጣለች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ መታወቂያዋን ያያል። መዝገቡን ይገልጣል፣ ስሟን ያገኛል። ደብዳቤውን ጽፎ ፕሪንት ያደርጋል። ሥራው አለቀ ማለት ነው። የቀረው ፊርማና ማህተም ብቻ ነው። ፈራሚው ግን የለም። «ከሰዓት ይምጡ» ትባላለች። ከሰዓት ስትመጣ ስብሰባው አላለቀም። በማግስቱ አርብ ነው፤ 5፡30 ላይ ቢሮው ለጁምዓ ይዘጋል። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ። በመሃል የሦስት ቀን ገበያ ቀረባት፣ የባጃጅም ከፍላለች።

ይሄን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የማናወራው የልጁን ታሪክ ነው።

ልጁ ዲግሪ አለው። ፈተና ተፈትኖ ነው የገባው። ሥራውን በደቂቃዎች ጨርሷል፣ ያጠፋው ነገር የለም። ግን ቀኑን ሙሉ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ፈራሚው የለም»። የሚሰደበው እሱ ነው። «ብር ፈልገህ ነው» የሚባለው እሱ ነው። ፈራሚው ቢሮ ሲገባ ደግሞ ክምር ወረቀት ይቀርብለታል። አያነበውም፤ ሊያነበውም አይችልም። ይፈርማል። ያየው ልጅ አልፈረመም፤ የፈረመው ሰው አላየም። ይሄ ልጅ በዓመቱ የባንክ ማስታወቂያ ሲያይ ለምን አይወዳደር?

በዚህ መካከል የሚያተርፍ ሰው አለ። በር ላይ የሚቆመው ጉዳይ ገዳይ። እሱ ፈራሚው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሹፌሩ ስልክ አለው። ያልተጨረሰ ጉዳይ በበዛ ቁጥር የእሱ ገበያ ይደራል። «ሙስናን እንዋጋ» የሚል ባነር ከመስቀል ይልቅ ደብዳቤውን እዚያው መስኮቱ ላይ ማስፈረም ይህን ሰውዬ የበለጠ ያከስረዋል።

ሕጋችን ይህን ፈጽሞ አላሰበውም እንዳትሉኝ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004ን እዩት። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን የቀኑ ጉዳይ አይደለም። አዋጁ የክብር መዝገብ ሹም የሚባል ሰው አስቀምጧል። የሚመዘግበው እሱ፣ የምስክር ወረቀቱን የሚፈርመው እሱ። ለነዋሪው ቅርብ በሆነው መዋቅር ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ተቀመጠ ማለት ነው። በተግባር በየቦታው እንደዚያ ይሄዳል አልልም። ሐሳቡ ግን ትክክለኛ ነው፣ ለሌላውም አገልግሎት ልንወስደው እንችላለን።

እስቲ ራቅ እንበልና ኒው ዮርክን እንይ። የከተማው አስተዳደር ብቻ 300 ሺህ ገደማ ሠራተኛ አለው። በ1999 ቆጠራ የጅማ ሕዝብ 120,960 ነበር። እዚያ የሠራተኛው ቁጥር ብቻ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው።

እዚያም ነዋሪው ይንከራተት ነበር። የስልክ ማውጫው ላይ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ቁጥር 14 ገጽ ይይዝ ነበር። የመንገድ ጉድጓድ ለማን፣ ቆሻሻ ለማን፣ የጎረቤት ጩኸት ለማን እንደሚነገር ማወቅ የነዋሪው ዕዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ 311 የሚባል አንድ ቁጥር አስጀመሩ። ባልቲሞር የምትባለው ሌላ የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ቀድማ ነበር። ቁጥሩ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በብዙ ቋንቋ አስተርጓሚ አለው። ደዋዩ የአቤቱታ ቁጥር ይሰጠዋል። በኋላ በዚያ ቁጥር «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ፋይሉ ሲፈለግ «መዝገብ ቤት ጠፋ» የለም።

ስለ 311 ከሚወራው ሁሉ የምወደውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ማንሃተን ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ይሸት ጀመር። ሽታው ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራውንና ቁርስ ላይ የሚፈስሰውን የሜፕል ሽሮፕ ይመስላል። ከተማዋ ከሴፕቴምበር 11ዱ የሽብር ጥቃት ገና አላገገመችም። ስለዚህ ሰው ደነገጠ፤ መርዝ ይሆን ያለም ነበር። ሽታው ይመጣል፣ ይጠፋል። ከወራት በኋላ ደግሞ ይመጣል። ዓመታት ሄዱ። ሰዎች 311 ላይ እየደወሉ «ዛሬም ሸተተ» ይላሉ። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ አይስቅባቸውም። ሰፈሩንና ሰዓቱን ይመዘግባል።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ የከተማው ባለሙያዎች እነዚያን አቤቱታዎች ካርታ ላይ አሰፈሯቸው። የነፋሱንም አቅጣጫ ጨመሩበት። መስመሩ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ አደረሳቸው። እዚያ የምግብ ማጣፈጫና መዓዛ የሚሠራ ፋብሪካ ተገኘ። ምን እያቀነባበረ እንደነበር ገምቱ።

አብሽ!

አዎ፣ ይሄው የኛ አብሽ። ያቺ ቅመም ሻጭ እናት እዚያ ብትኖር በመጀመሪያው ቀን ትገላግላቸው ነበር።

ሳቁን ትተን ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ምስጢሩን የፈታው ያ ስልክ ያነሳው ሠራተኛ ነው። «ሰኞ፣ ይህ ሰፈር፣ በዚህ ሰዓት» ብሎ የጻፋት አንዲት መስመር ባክና አልቀረችም። የሆነ ቦታ ደረሰች። እኛ ጋ ስንት የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለ፣ ቁልፉ የጠፋበት?

311ን እንደ ገነት አላቀርብላችሁም። «አቤቱታዬን ተዘግቷል አሉኝ፣ ጉድጓዱ ግን እንዳለ ነው» የሚል ነዋሪ እዚያም ሞልቷል። አቤቱታ መመዝገብና ችግር መፍታት ይለያያሉ። የኛም አገር ቢሮዎች ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር እያዞሩ ነው። ፋይዳ መታወቂያ መጣ። በ2017 አዲስ አበባ ላይ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ፤ የብዙ መሥሪያ ቤት ሥራ አንድ ጣሪያ ሥር። ጥሩ ነው፣ ይስፋ። ግን ኮምፒዩተሩ ላይም «አጽድቅ» የሚለውን የሚጫን ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አሁንም ስብሰባ ላይ ከሆነ የተለወጠው ሰበቡ ብቻ ነው። ድሮ «ፈራሚው የለም» ነበር፣ አሁን «ሲስተም የለም» ይሆናል።

ወደ ቅጥሩ ልምጣ። ተመራቂዎች እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የኒው ዮርክ ግዛት ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የመንግሥት ቅጥርና ዕድገት በችሎታ፣ በተቻለ መጠንም በውድድር ፈተና ይሁን ይላል። ለምን እንዲህ ተጻፈ? ከዚያ በፊት ሥራ የሚታደለው ላሸነፈው ፓርቲ ሰው ስለነበር ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ጸሐፊው፣ ዘበኛው፣ ተቆጣጣሪው ይቀያየር ነበር። ስለዚህ ፈተና አመጡ። ትፈተናለህ፣ ስምህ በውጤትህ ቅደም ተከተል ዝርዝር ላይ ይወጣል፣ በተራህ ትጠራለህ። የማንም ዘመድ የሌለው የስደተኛ ልጅ በዚህ መንገድ ከተማው ውስጥ ሥራ ያዘ። ጡረታ፣ የጤና መድን፣ የማይነቃነቅ እንጀራ አገኘ። ለከተማው ትልቁ መሳቢያ ይሄ ነበር።

ግን ፈተናው ራሱ ወረፋ ሆነ። ዛሬ ተፈትኖ ከዓመት በላይ የሚጠብቅ አለ። ሲጠራ ሌላ ቦታ ገብቷል። ከኮቪድ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ለቀቀ፣ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ያኔ ከተማው ነቃ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ፈላጊው በአካል መጥቶ እዚያው ቃለ መጠይቅ የሚደረግበትና በዚያው ቀን የቅጥር ሐሳብ የሚቀርብለት መድረክ ማዘጋጀት ጀመረ። ከትልቁ የሠራተኞች ማኅበር ጋር ተስማምቶም ለአንዳንድ ሠራተኞች በሳምንት እስከ ሁለት ቀን ከቤት መሥራትን ሞከረ። ልብ በሉ፣ ሥራ ፈላጊውም እንደ ባለጉዳዩ ነው። ለአመልካቹ «ነገ ና» የሚል ከተማ ለነዋሪውም «ነገ ና» ማለቱ አይቀርም።

እኛም ሕግ አለን። የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 ክፍት መደብ በማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር ይያዝ ይል ነበር፤ በ2017 በአዲስ ተተካ። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ወረቀቱ ላይ ጉድለት ቢኖርም ትልቁ ችግር እሱ አይመስለኝም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን አንብቡት። «ኦፊሰር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት።» አለቀ። ምን እሠራለሁ? ለማን እሠራለሁ? ምን የመወሰን ሥልጣን አለኝ? የለም። አንድ ጎበዝ ልጅ ይህን አንብቦ የሚያስበው «ሌላ እስካገኝ ልግባ» ነው። እንግዳው ገና ሳይገባ ስንብቱን ያቅዳል።

እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈዋለሁ። «በዚህ መስኮት የሚቀመጠው ሰው የነዋሪነት ማረጋገጫና የመታወቂያ ዕድሳት በራሱ ፊርማ ይጨርሳል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ዳውሮኛ፣ ካፍኛ ወይም የምኛ የሚችል ቅድሚያ ያገኛል። ፈተናው በዚህ ቀን ነው፣ ውጤቱ በዚህ ቀን ይለጠፋል።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ብታዩ የሥራው ዓይነት ይታያችኋል።

ቋንቋውን ለጌጥ አልጨመርኩትም። ጅማ የምታገለግለው የተቆጠረ ነዋሪዋን ብቻ አይደለም። የጅማ ሕክምና ማዕከል 15 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ነው የሚባለው። ያ ሁሉ ሰው ሐኪም ሊያይ ሲመጣ ማደሪያ፣ መንገድ፣ ታክሲ፣ ውሃ ይፈልጋል። አንዳንዱ ይቀራል፣ ይከራያል፣ ሱቅ ይከፍታል። መስኮት ላይ ሲደርስ በሚገባው ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ካጣ ቀጥታ ወደ ጉዳይ ገዳዩ ነው የሚሄደው። ኒው ዮርክ ለዚህ የስልክ አስተርጓሚ ትከፍላለች። ጅማ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ልጅ በየሰፈሩ አለ። መንደራ ሰፈር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሂዱ። ይሄን ችሎታ በቅጥር ነጥብ ላይ አለመቁጠር ባለን ሀብት መቀለድ ነው።

ሰዓትንም እንዲሁ። የመንግሥት ሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ አርብ ሰባት። ይሄ ሰዓት የተቀረጸው ለቢሮው ነው። ሂርማታ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሐሙስ ገበያ ሰውን ከሩቅ ይስባል። ከሰቃ፣ ከሰርቦ፣ ከአጋሮ የሚመጣው ሰው ከተማው ውስጥ ጉዳይ ካለው በዚያው ቀን ቢጨርሰው ይወዳል። ታዲያ ሐሙስ መስኮቱ በምሳ ሰዓትም በተራ በተራ ቢከፈት፣ ስብሰባ ደግሞ ሐሙስ እንዳይጠራ ቢከለከል ምን ይጎድላል? ከፍ ያለ በጀት አይጠይቅም። የስብሰባ ጥሪ የሚጽፈውን ሰው ብቻ ማሳመን ነው። እሱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ስለ ዩኒቨርሲቲውም አንድ ነገር ልበል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የታወቀ ነው። የጤና ተማሪዎች ቲቲፒ (በቡድን ሆኖ የመሠልጠን ፕሮግራም) ብለው በየከተማው ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፣ እየሠሩ ይማራሉ። ስንት ሐኪም በዚያ መንገድ ከሥራው ጋር ተዋደደ። የአስተዳደር፣ የሒሳብ፣ የኮምፒዩተር ተማሪስ ለምን ወደ ከተማው መስኮት አይወጣም? ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ወጣቶችን ለወራት በከተማው ቢሮዎች የሚያሠራ ፕሮግራም አላት። ሻይ በማመላለስ አይደለም፣ እውነተኛ ሥራ ይዘው። ከነሱ ውስጥ የቀሩም አሉ። እዚህ ደግሞ ወጉ ቀድሞውኑ አለ። የጎደለው የከተማው በር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

አንዲት ተመራቂ «ሥልጣን ሰጡኝ እንበል። በሥልጣን ዳቦ ይገዛል ወይ?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ አጨበጨበላት። ይገባታልም። በ2018 መጀመሪያ በተደረገው ማስተካከያ የፌዴራል መንግሥት የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የቤት ኪራይን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያራምድ ያውቀዋል። ከተማ በደመወዝ ከባንክ ጋር ልወዳደር ቢል ይሸነፋል። ስለዚህ የማይሸነፍበትን መያዝ አለበት። ማን እንደሚያድግ አስቀድሞ የታወቀ የዕድገት መንገድ፣ በቀጠሮው የሚከፈል ደመወዝ፣ የትምህርት ዕድል በዝምድና ሳይሆን በውጤት፣ ሰው አክብሮት የሚሰጠው ሥራ። ይህን ስል ደመወዝ አይጨመር ማለቴ አይደለም። ይጨመር። ግን ደሞዙ እጥፍ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ «የለም» ስትል የምትውል ልጅ አትቆይም። ብትቆይም መጥፎ ሆና ነው የምትቆየው። ባለጉዳይ ላይ መጮህ ትጀምራለች።

ሁለተኛውን ጥያቄ ያነሱት ከኋላ የተቀመጡ፣ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ ፊርማውን ለመስኮቱ ልጅ ስጡ ትላለህ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ማነው? አለቃ ፊርማውን የሚይዘው ወድዶ መሰለህ?» አሉኝ።

አባቴ፣ የንግግሩን እንብርት ነው የነኩት። አለቃው ፊርማውን የሚይዘው ሁልጊዜ ለጥቅም አይደለም። ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው። አንድ የተሳሳተ ደብዳቤ ከወጣ እሱ ነው የሚከሰሰው። ስለዚህ ሥልጣኑ ብቻውን አይውረድ፤ ከለላውም አብሮ ይውረድ። ለአንድ አገልግሎት የሚያስፈልገው ማስረጃ አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ። ሠራተኛው እያንዳንዱን አይቶ ምልክት ያድርግበት፣ ስሙን ይጻፍ፣ ይፈርም። ዝርዝሩን ተከትሎ ከፈረመ ስህተቱ የዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩን ያወጣው አለቃ ይጠየቅ። ዘልሎ ከፈረመ ራሱ ይጠየቅ። አለቃው ደግሞ ሁሉንም ከመፈረም ይልቅ በሳምንት መጨረሻ ከወጡት ደብዳቤዎች ጥቂቱን በዕጣ አንስቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። ያኔ ቢያንስ የሚያየውን ያነባል። መሬት ነክ ጉዳይን ለጊዜው አትንኩ፤ ይዞታና ካርታ ገና ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በነዋሪነት ደብዳቤ ጀምሩ። ስህተቱ የሚታረም፣ ወረፋው ግን ረጅም የሆነ አገልግሎት እሱ ነው።

ሽማግሌው «አለቃዬስ እሺ ይላል?» አሉ። አለቃቸው ሁለት ወንበር አልፈው ተቀምጠው ነበር። ማይኩን ለሳቸው ሰጠሁ።